ለፊት የሚሆን ቫይታሚን አለሽ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፤

«እህቴ፣ ለፊት የሚሆን ቫይታሚን አለሽ?» ባሕር ዳር ውስጥ መድኃኒት ቤት ገብቶ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይወጣም። አንዷ ስልኳን ከፍታ የጠርሙስ ፎቶ ታሳያለች፤ ሌላው ከአሜሪካ የተላከለትን ዕቃ ይዞ መጥቶ «ይኼ በቀን ስንት ይወሰዳል?» ይላል። ይህን የምንጽፈው ሁለት ፋርማሲስቶች ነን። የጤና ዓምዶች «ቫይታሚን ኢ ለቆዳ፣ ባዮቲን ለፀጉር፣ ዚንክ ለቡግር» እያሉ ጥቅሙን ይዘረዝራሉ፤ መጠኑን፣ ከምን ጋር እንደማይወሰድና ማን መውሰድ እንደሌለበት ግን ይተዉታል። አንባቢው የቫይታሚኑን ስም ይዞ ይመጣል፣ ቁጥሩን አያውቀውም። ጥቅሙም ጉዳቱም ያለው ደግሞ ቁጥሩ ላይ ነው።

ቫይታሚን የጎደለውን ይሞላል እንጂ በሞላው ላይ ሲጨመር ቆዳ አያሳምርም። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ሰው ቆዳው ይሻክራል፣ ዳፍንት ይይዘዋል። ብረት ያነሳት ሴት ፀጉሯ ይረግፋል፣ ጥፍሯ ይሳሳል፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል። ቫይታሚን ሲ ሲጠፋ ድድ ይደማል፣ ቁስል ቶሎ አይሽርም። የቢ ቫይታሚኖች ሲያንሱ የከንፈር ጥግ ይሰነጠቃል፣ ምላስ ይቀላል። እነዚህ ሰዎች ትክክለኛውን ኪኒን በትክክለኛው መጠን ሲያገኙ ለውጡ በዓይን ይታያል። ቡግርና ማድያት ግን ሌላ ናቸው። ቡግር የሚመጣው የቆዳ ቅባት አመንጪ ዕጢዎች በሆርሞን ተነሣሥተው ቀዳዳው ሲደፈን ነው። ማድያት የፀሐይና የሆርሞን ሥራ ነው፤ እርግዝናና የወሊድ መከላከያ ኪኒን ያባብሱታል። ማድያት ላለባት ሴት ከማንኛውም እንክብል በፊት የምንነግራት ጃንጥላ እንድትይዝና መከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም እንድትቀባ ነው። ውጭ እስከዋለች ድረስ በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት። የቆዳ ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ክሬም ይመረጣል፤ ማድያትን የሚያጠቁረው የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየውም ብርሃን ነውና። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ለምድር ወገብም ቅርብ ስለሆነች ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ብርቱ ነች።

ታዲያ እኛ ዘንድ በእርግጥ የሚጎድለው ምንድን ነው? መጀመሪያ የምንጠራው ብረትን ነው። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊግራም፣ ነፍሰ ጡር 27 ሚሊግራም ያስፈልጋታል፤ ለወንድ 8 ይበቃዋል። «ጤፍ ብረት አለው» እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ነገር ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ቸኩለው ከጋገሩት እንጀራ በደንብ የቦካው የሚሻለው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ቡናው አለ። ምሳ ተበልቶ የታጠበ እጅ ሳይደርቅ ረከቦቱ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ሰውነት ከዚያ ምግብ የሚወስደውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሷል። ምግቡ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ቡናም ያንኑ ያህል ቀንሷል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አልነካም። ስለዚህ ቡናን መተው አያስፈልግም፣ ሰዓቱን ማዛወር እንጂ፦ ወይ ከምሳ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ወይ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆይቶ። ጎመኑና ምስሩ ላይ የዘጌ ሎሚ ጨመቅ ማድረግ፣ ወይም ከምሳው ጋር አንድ ዘይቱን (ጓቫ) መብላት ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ ቫይታሚን ሲ ከአትክልትና ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ያደርጋል። የብረት እጥረት ያለባት ሴት ኪኒኗን በቡና ካወራረደችው ገንዘቧን ነው የምታፈሰው።

ስለ ኪኒኑ ደግሞ፦ ማሸጊያው ላይ «ፌረስ ሰልፌት 300 ሚ.ግ.» ቢል ብረቱ 300 አይደለም። 300 የጨው ክብደት ነው፤ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብረት 60 ሚሊግራም ያህል ነው። በእርግዝና ክትትል ጊዜ የሚሰጠው ኪኒንም 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ) የያዘ ነው። ነፍሰ ጡር የታዘዘላትን በየቀኑ ትውሰድ። ነፍሰ ጡር ያልሆነችና የብረት እጥረት ያለባት ሴት ግን ቀን እየዘለለች ብትወስደው ከእያንዳንዱ ኪኒን የምታገኘው ይጨምራል፤ አንዱ ኪኒን ከተዋጠ በኋላ ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ከፍ ብሎ ለአንድ ቀን ያህል የብረቱን መግቢያ በር ስለሚዘጋ ነው። ሐኪሟን ጠይቃ ይህን መንገድ መያዝ ትችላለች። ከወተት፣ ከካልሲየም ኪኒን፣ ከሻይና ከቡና ጋር አይወሰድ። ሆድ ካቅለሸለሸ ጥቂት ምግብ ቀምሶ መዋጥ ይቻላል። ሰገራ ይጠቁራል፤ ይህ የኪኒኑ ቀለም ስለሆነ አያስደነግጥም። ደሙ ከሞላ በኋላም ኪኒኑ ወዲያው አይቆምም፤ የተሟጠጠው ክምችት እስኪመለስ ሦስት ወር ያህል ይቀጠላል። ክምችቱን የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ነው፤ ሌላ ሕመም በሌለበት አዋቂ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ብረት ጎድሏል ማለት ነው። ፀጉሬ ረገፈ ብላ ባዮቲን የምትገዛ ሴት በዚያ ገንዘብ ይህን ብትመረመር በብዙ ትጠቀም ነበር።

ወንድ ልጅና የወር አበባዋ የቆመ ሴት ብረት ካነሳቸው ግን ኪኒን ገዝተው ዝም ማለት የለባቸውም። ደሙ የሚሄድበት ቦታ አለ ማለት ነው፦ የጨጓራ ቁስል፣ የመንጠቆ ትል፣ አንዳንዴም የአንጀት ካንሰር። በጣና ዳርቻ የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዝያም መረሳት የለበትም። ትሉ ደም እየመጠጠ ብረት መዋጥ የሚያፈስ እንስራ መሙላት ነው። እናት ሁሉ እንድታውቅልን የምንፈልገው ሌላም ነገር አለ፤ ቀያዮቹ የብረት ኪኒኖች ከረሜላ ይመስላሉ፣ ትንሽ ልጅ ጥቂቱን ቢውጥ ሊሞት ይችላል። መቀመጫቸው ልጅ በወንበር ላይ ቆሞም የማይደርስበት ቦታ ይሁን።

ከብረት ቀጥሎ ቢ12 ነው። ቢ12 በእህልና በአትክልት ውስጥ የለም፤ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ ይገኛል። «ጾም ቢ12 ያሳጣል» ተብሎ የሚወራው በደፈናው ልክ አይደለም። አዋቂ ሰው የሚያስፈልገው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ጉበት ደግሞ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ይይዛል። ጤነኛ ሰው በፍስኩ ጊዜ እንቁላልና ወተት ካገኘ ሁዳዴን በሰላም ይወጣል። የምንሰጋው ለሌሎች ነው፦ ለአረጋውያን፣ ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለዓመታት ለሚወስዱ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ሳያቋርጡ ለሚውጡ፣ እንዲሁም በፍስክም ጊዜ አቅም አጥተው የእንስሳት ውጤት ለማይቀምሱ። እግር ጫፍ ላይ መደንዘዝ፣ የምላስ መቅላትና መላጥ፣ መርሳት ካለ ምርመራ ያስፈልጋል። በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ከጣና በወጣ 100 ግራም ቆሮሶ ከቀኑ ፍላጎት ከግማሽ በላይ ያገኛል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ደጋግመው ይታያሉ። የመጀመሪያው ቢ12 የጎደለው ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻ ሲወስድ ነው፤ ደሙ ይስተካከላል፣ የነርቩ ጉዳት ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። ሁለተኛው የቢ1፣ የቢ6ና የቢ12 ቅልቅል ነው። እግር ደነዘዘኝ ያለ ሁሉ ይህን ይገዛል። በአንዳንዱ እንክብል ውስጥ ያለው ቢ6 በአንድ ፍሬ 200 ሚሊግራም ነው፤ የአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለአዋቂ በቀን ያስቀመጡት ጣሪያ 100 ሲሆን የአውሮፓዎቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 12 አውርደውታል። ቢ6 ሲበዛ የሚያመጣው ሕመም የእጅና የእግር መደንዘዝ ነው። ለመደንዘዝ የተገዛው ኪኒን መደንዘዝ ያመጣል፤ ሰውየውም «አልለቀቀኝም» ብሎ ሌላ ፓኬት ይጨምራል። ይህ ቅልቅል ሐኪም ለተወሰነ ሳምንት ሲያዘው መድኃኒት ነው፤ በየወሩ እንደ ሳሙና የሚገዛ ነገር አይደለም።

ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ ይገኛል፤ ፀሐይ ደግሞ ሞልቶናል። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ቢሮ የሚውል፣ መላ አካሉን ሸፍኖ የሚወጣ፣ ከቤት የማይወጣ አረጋዊና ተሸፋፍኖ የሚያድግ ሕፃን ሊያንሳቸው ይችላል። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይ አይቆጠርም፤ ቫይታሚኑን የሚያሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ጥቁር ቆዳም ከነጭ ቆዳ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የቀኑ መጠን ለአዋቂ 600 አይዩ፣ ከ70 ዓመት በላይ 800 ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4,000 ማለፍ የለበትም። አይዩ የሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ሲሆን 40 አይዩ ቫይታሚን ዲ አንድ ማይክሮግራም ነው። አደጋው ያለው ባለ 50,000ው እንክብል ላይ ነው። ይህ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ የሚታዘዝ ነው። በየቀኑ የሚውጠው ሰው ከጣሪያው ከ12 እጥፍ በላይ እየወሰደ ነው፤ በደሙ ውስጥ ካልሲየም ይበዛና ውሃ ጥም፣ ማስታወክ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሲቆይም የኩላሊት ጉዳት ይመጣበታል። «በሳምንት አንድ» የሚለውን ፋርማሲስቱ በቃል ብቻ ከተናገረው ይረሳል፤ ቀኑ ተጠቅሶ፣ «እሑድ ብቻ» ተብሎ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ እንዲጻፍ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።

ያለ ምንም ምርመራ የምንመክረው አንድ ኪኒን ብቻ አለ። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ከማርገዟ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትጀምር። የፅንሱ አከርካሪና አንጎል የሚፈጠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ። የእርግዝና ክትትል ሲጀመር የሚሰጠው ኪኒን ለእናቲቱ ይጠቅማል፣ ለዚህኛው ጉዳይ ግን ዘግይቷል። ከዚህ በፊት የአከርካሪ ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች እናት የሚያስፈልጋት መጠን ከዚህ ዐሥር እጥፍ ስለሆነ ሐኪም ያዝላታል። ለፊት ማሳመሪያ የሚወጣው ገንዘብ ለዚህች ርካሽ ኪኒን ቢውል ምንኛ ደስ ባለን።

አሁን ወደ «ፀጉር፣ ቆዳና ጥፍር» ጠርሙሶች እንምጣ። አንዱን በእጃችን ይዘን ጀርባውን እናንብበው። ባዮቲን 5,000 ማይክሮግራም ይላል፣ ከጎኑ 16,667 በመቶ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮግራም ስለሆነ ነው ቁጥሩ እንዲህ የወጣው። ዚንክ 15 ሚሊግራም፣ 136 በመቶ። ቫይታሚን ኤ፣ ሬቲኒል ፓልሚቴት ከተባለው ዓይነት፣ 1,500 ማይክሮግራም፣ 167 በመቶ። ከላይ በደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ ይህ ሁሉ የሚገኘው በሦስት እንክብል እንደሆነ ተጽፏል፤ ጠርሙሱ 60 ከያዘ 20 ቀን ነው የሚቆየው። ዋጋ የሚያወዳድር ሰው በጠርሙስ ሳይሆን በቀን አካፍሎ ያስላ።

ከነዚህ ሁሉ ቫይታሚን ኤው ላይ እንቁም። ሬቲኖልና ሬቲኒል የሚል ስም ያላቸው ዓይነቶች በጉበት ይከማቻሉ እንጂ በሽንት አይወጡም። ለአዋቂ የቀኑ ጣሪያ 3,000 ማይክሮግራም፣ ማለትም 10,000 አይዩ ነው። አሁን አንዲት ሴት ይህን ጠርሙስ ትወስዳለች እንበል፣ 1,500። ከጎኑ 900 ያለበት መልቲቫይታሚን ጨምራለች። ጠዋት ደግሞ 1,350 ማይክሮግራም የያዘ አንድ የሻይ ማንኪያ የዓሣ ጉበት ዘይት ትጠጣለች። ድምሩ 3,750 ሆነ። ሦስቱም ዕቃዎች ለየብቻቸው ጥፋት የለባቸውም፤ ተደምረው ነው ጣሪያውን ያለፉት። ሲቆይ የሚመጣው ራስ ምታት፣ የከንፈርና የቆዳ መድረቅ፣ እና የሚገርመው የፀጉር መርገፍ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ፅንሱ የአካል ጉድለት ይዞ ሊፈጠር ይችላል። ለቡግር አይሶትሬቲኖይን የታዘዘለት ሰው ቫይታሚን ኤ ያለበትን ማንኛውንም ነገር ያቁም፤ መድኃኒቱ ራሱ የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው። ዱባ፣ ካሮት፣ ማንጎና ጎመን ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ግን ይህን አደጋ አያመጣም፤ ሰውነት ከእሱ የሚሠራው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ለሕፃናት በስድስት ወር አንዴ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታ በዕድሜያቸው ተለክቶ የሚሰጥ ስለሆነ እናቶች አይፍሩት፣ አያስቀሩት።

ባዮቲን ራሱ ብዙም አይጎዳም፤ የሚያሳስተው ላብራቶሪውን ነው። በከፍተኛ መጠን የሚወስድ ሰው የታይሮይድ ምርመራው በሽታ ሳይኖረው እንዳለበት ሊያሳይ ይችላል። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሲጠረጠር የሚለካው ትሮፖኒን ደግሞ ከእውነተኛው አንሶ ሊወጣ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ደም ከመስጠት ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ ማቆም፣ ድንገተኛ ሕመም ከሆነም «ባዮቲን እወስዳለሁ» ብሎ ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል። የተዛባ ውጤት ታይሮይዱ ጤነኛ የሆነን ሰው የታይሮይድ መድኃኒት ሊያስጀምረው ይችላል።

ቫይታሚን ኢን በመርፌ በስቶ ፊት ላይ መቀባት በጣም ተለምዷል። እንክብሉ ለመዋጥ የተሠራ ወፍራም ዘይት ነው፤ ቡግር ያለበትን ፊት ቀዳዳ ይደፍናል፣ አንዳንዱንም ያሳክከዋል፣ ያሳብጠዋል። ሲዋጥም 400 አይዩ ከሚያስፈልገው 15 ሚሊግራም 12 እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ደም የሚያቀጥኑትን ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የሚወስድ ሰው ይህን ቢጨምርበት መድማት ሊያስከትል ይችላል። ሱፍና ለውዝ ቫይታሚን ኢን ሞልተው ይዘዋል።

ዚንክ ለቡግር መጠነኛ ጥቅም እንዳለው ይታወቃል። የሚበላሸው ባለ 50 ሚሊግራሙ ለወራት ሲወሰድ ነው፤ ጣሪያው 40 ነው። ዚንክ ሲበዛ መዳብ ከሰውነት ይጠፋል፣ መዳብ ሲጠፋ ደም ያንሳል፣ ነርቭም ይጎዳል። በባዶ ሆድ ከተዋጠ ያቅለሸልሻል።

ቫይታሚን ሲ ቆዳ ኮላጅን የተባለውን ፕሮቲን እንዲሠራ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ግን ለሴት 75፣ ለወንድ 90 ሚሊግራም ይበቃል። 100 ግራም ዘይቱን ከ200 ሚሊግራም በላይ አለው። ገበያችን በወቅቱ በዘይቱን፣ በፓፓያና በማንጎ ተሞልቶ ሳለ ውሃ ውስጥ የሚፈላውን ባለ 1,000 ኪኒን በየቀኑ መግዛት አይታየንም። ትርፉ በሽንት ይወጣል፤ የኩላሊት ጠጠር ለነበረበት ሰው ደግሞ ጠጠሩን ይጠራበታል። የሚፈላው ኪኒን ሶዲየምም አለው፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው ከወጡ ቀንሶ በብርጭቆ እየጠጣው ሊሆን ይችላል።

ኮላጅን ዱቄት በሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል። በቀን ከ2.5 እስከ 10 ግራም ለሁለት ሦስት ወር የወሰዱ ሰዎች የቆዳ እርጥበታቸው በመጠኑ መሻሻሉን የሚናገሩ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹን ግን ገንዘብ የሰጧቸው አምራቾቹ ናቸው። የተረፈው ገንዘብ ያለው ይሞክረው፤ የልጆቹን እንቁላል ቀንሶ የሚገዛው አይግዛው። ቆዳ ለማንጣት ስለሚሸጠው ግሉታታዮን ግን ቃላችን አጭር ነው። በደም ሥር የሚሰጠውን አይውሰዱ። የፊሊፒንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከባድ የቆዳ መላጥ፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ጉዳት ጠቅሶ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ጥቁር ቆዳ የሚታከም ሕመም አይደለም።

ሌሎች መድኃኒቶች የሚወስዱ አንባቢዎች ይህን ክፍል ቆርጠው ቢያስቀምጡት ደስ ይለናል። ካልሲየም፣ ብረት፣ ዚንክና ማግኒዥየም አንዳንድ መድኃኒቶችን ሆድ ውስጥ ያስሯቸዋል። ለቡግር ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ወጣት ዚንክ አብሮ ከዋጠ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት ይቀንሳል፤ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያራርቃቸው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከእነዚህ ማዕድናት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል። ዶሉቴግራቪር ያለበት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ ነው፦ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ቆይቶ። ይህ ቸል ከተባለ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያንሳል፣ ቫይረሱም ሊላመደው ይችላል። የታይሮይድ ኪኒን ከካልሲየምና ከብረት አራት ሰዓት ይራቅ። ለልብ ቫልቭ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ኬ ያለበትን መልቲቫይታሚን ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምር፤ ጎመንም ቢሆን አንድ ሳምንት በገፍ፣ አንድ ሳምንት በጭራሽ ሳይሆን በመጠን ይብላ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከሆነው አይሶኒያዚድ ጋር የሚሰጠው ባለ 25 ሚሊግራም ቢ6 ግን ለምክንያት የተሰጠ ነውና አይጣል።

«ከአሜሪካ የመጣ ነው» የሚለው ማረጋገጫ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ማሟያዎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እንደ መድኃኒት ተመርምረው ፈቃድ አያገኙም። ጠርሙሱ ላይ መፈለግ ያለበት ገለልተኛ ላብራቶሪ መርምሮ የሚሰጠው ማኅተም ነው፤ ለምሳሌ ዩኤስፒ የተባለው የመድኃኒት ደረጃ አውጪ ድርጅት «ቬሪፋይድ» ማኅተም። የእያንዳንዱን መጠን ሳይለይ «ፕሮፕራይተሪ ብሌንድ» ብሎ በድምር ብቻ የሚጽፍ ጠርሙስ ይቅር። እንክብሉ ጄላቲን ከሆነ በአብዛኛው ከከብት ወይም ከአሳማ የተሠራ ነው። ጿሚዎችም ሙስሊም ወገኖቻችንም ብዙ ጊዜ ይህን ሳያውቁ ይገዛሉ፤ ከዕፅዋት ሴሉሎስ የተሠራ እንክብል አለ፣ ይጠየቅ። ቫይታሚን ዲ3 በአብዛኛው ከበግ ሱፍ ቅባት ይሠራል፣ ዲ2 ግን ከፈንገስ ነው።

መልቲቫይታሚን የሚፈልግ ጤነኛ ሰው የሁሉም መጠን ወደ 100 በመቶ የተጠጋውን ይምረጥ፤ ብረት ያለበትን የወር አበባ የምታይ ሴት፣ ብረት የሌለበትን ወንድና አረጋዊ። ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር፣ ፀጉር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ በሁለት ሳምንት የሚታይ ለውጥ አይጠበቅም። ሦስት ወር ተወስዶ ምንም ካልተለወጠ ይቁም። ባሕር ዳር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሞቅ ጠርሙሱ መስኮት ሥር ወይም መኪና ውስጥ አይቀመጥ፤ ጄላቲኑ ይጣበቃል፣ የዓሣ ዘይት ይሻግታል። የሚፈላው ኪኒን ክዳን ውስጥ ያለችው እርጥበት የምትመጥ ነገር አትጣል። ኦሜጋ 3 ፈልጎ የዓሣ ዘይት መግዛት ላቃተው ተልባ አለ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ የቀኑን የዕፅዋት ኦሜጋ 3 ፍላጎት ይሸፍናል፤ ሳይፈጭ ከተዋጠ ግን እንደገባ ይወጣል።

ክቡር አዘጋጅ፤ የምንጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። በጤና ዓምድዎ ስለ ማንኛውም ቫይታሚን ሲጻፍ፣ ማስታወቂያም ሲወጣ፣ ከሥሩ ሦስት መስመር ይጨመርበት፦ የቀኑ መጠንና ጣሪያው፣ አብሮት የማይወሰደው መድኃኒት፣ እና ነፍሰ ጡር መውሰድ ትችል እንደሆነ። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ስለ ቢ12፣ ስለ ብረትና ስለ ቡና ሰዓት ግማሽ ገጽ ቢሰጡን ጽሑፉን አዘጋጅተን እንልክልዎታለን።

ከአክብሮት ጋር
ሁለት ፋርማሲስቶች፣ ከባሕር ዳር